ክሬም ያለበት ግማሽ

ደብረ ብርሃን፣ በጥር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፤ አስካለ እናቷ ከተኛችበት ክፍል አጠገብ ባለችው ጓዳ ወገቧን እያመማት ቆማ በሶ ትነፋለች፤ በአሥራ ሁለት ዓመት የምታንሳት እህቷ ውድነሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተሸክማ የመጣችውን የክሬም ብስኩት ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ካሳረፈች ገና ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም።

አስካለ፦ መልሰሽ ውሰጂው አልኩሽ እኮ።

ውድነሽ፦ ብስኩት ነው እታለም። ያመጣሁት ብስኩት ነው።

አስካለ፦ ሁለት ፓኬት ይዘሽ ስትመጪ ናፍቀሽን ነው የመጣሽው። ካርቶን ሙሉ ስትይዢ ግን የምትነግሪኝ ነገር አለ። ያለፈው ካርቶን የመጣ ቀን ለመስከረም እወስዳታለሁ ያልሽው ወደ የካቲት ተዛወረ። የዛሬው ወዴት ሊያዛውረን ነው?

ውድነሽ፦ ገና ቁጭ ሳልል።

አስካለ፦ ቁጭ በዪና ንገሪኝ። የካቲት ሊገባ ስንት ቀን ቀረው? እማዬን ለሁለት ወር እወስዳታለሁ ብለሻል። ትወስጃታለሽ ወይስ አትወስጃትም?

ውድነሽ፦ አልወስዳትም አላልኩም። ትንሽ ይቆይ ነው የምለው። የካቲት ኮሌጁ ምዝገባ ላይ ነው፣ እስከ ምሽት አንድ ሰዓት ቢሮ ነኝ። ብቻዋን ቤት ቆልፌባት ልሂድ?

አስካለ፦ መስከረምም ምዝገባ ነበር።

ውድነሽ፦ በዓመት ሁለቴ ነው እኮ ምዝገባው።

አስካለ፦ እሺ። እጅሽን ታጠቢና ያንን ተምር ፍሬውን አውጪልኝ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነው፣ ስድስት ፍሬ ብቻ ነው ያለው፣ አትቅመሺው።

ውድነሽ፦ ምን እየሠራሽ ነው?

አስካለ፦ ብስኩት።

ውድነሽ፦ ካርቶን ሙሉ ብስኩት ጠረጴዛሽ ላይ ተቀምጦ?

አስካለ፦ እማዬ ያንን አትበላም። የምትበላው እኔ የምሠራውን ነው።

ውድነሽ፦ መጋገሪያ እንኳ የለሽም።

አስካለ፦ መጋገሪያ ምን ያደርግልኛል? ገብሱ አንዴ ተቆልቶ ተፈጭቷል፣ እሳቱን ጨርሶ ነው የመጣው። በሶውን፣ የተፈጨ ኦቾሎኒና ተምር አድርጌ አሸዋለሁ፣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ እቆርጠዋለሁ፣ በሹካ ቀዳዳ ቀዳዳውን አወጣለታለሁ። ከዚያ መስኮቱ ላይ ነው። የዚህ አገር ብርድ ለምን ይጠቅማል?

ውድነሽ፦ ክሬሙስ?

አስካለ፦ አይብ ነው። በሻሽ ቋጥሬ አሳድረዋለሁ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ቫኒላ ጠብ አደርግበታለሁ። ከሩቅ ስታዪው ያው ነው።

ውድነሽ፦ ከሩቅ አይደለም የምትበላው።

አስካለ፦ የመጀመሪያው ሳምንት አልሆነልኝም። ድንጋይ ሆኖብኝ ሻይ ውስጥ ከተተችው፣ ሻዩ ቀዝቅዞ እሱ አልራሰም። ሁለተኛው ደግሞ እጇ ላይ እንደ ጤፍ ዱቄት ተበተነ። አሁን ዘጠነኛዬ ነው። ዘጠነኛው ደህና ነው፣ ሲነከስ ድምፅ አለው። እማዬ ድምፁን ካልሰማች ብስኩት አይደለም ትላለች።

ውድነሽ፦ እና ታውቃለች? እንደሱ አለመሆኑን?

አስካለ፦ በወረቀቱ ጠቅልዬ ነው የምሰጣት። ቀዩን ወረቀት ካየች በቃ፣ ፈገግ ትላለች። ካርቶንሽን ብትመልሺም ወረቀቱን ትተሽልኝ ሂጂ፣ ያለኝ ሁሉ ተቀዷል።

ውድነሽ፦ እኔ ሰማንያ አራት ዓመት የሞላትን ሴት በወረቀት ማታለል አልወድም።

አስካለ፦ እኔም አልወድም። አንድ ቀን ታዲያ እሷ ሳትሆን ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ ተታለለች። ዓርብ ነው፣ እማዬን ልትጠይቅ መጣች። እኔ ደጅ ልብስ አሰጣለሁ። ጠረጴዛው ላይ ቀዩን ወረቀት አየች፣ የጾም ብስኩት ነው ብላ ሁለት አነሣች። የሐሙስ አይብ ነው ውስጡ ያለው።

ውድነሽ፦ በላችው?

አስካለ፦ በልታ ጣቷን ላሰች። ስገባ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ፋብሪካው ዘንድሮ አሻሽሎታል፣ ስኳሩንም ቀንሶታል አለችኝ። ምን ልበል? እስካሁን አልነገርኳትም። ብነግራት ንስሐ ልትገባ ነው፣ ባልነግራት ንስሐው የኔ ነው።

ውድነሽ፦ እማዬስ ረቡዕና ዓርብ ምን ትበላለች?

አስካለ፦ በሰሊጥ እሠራላታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ረስቼ ረቡዕ አይቡን ሰጠኋት። አሸተተችውና፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው ብላ መለሰችልኝ። ጠዋት ይሁን ማታ አታውቅም። ረቡዕን ግን ታውቀዋለች።

ውድነሽ፦ ይሄውልሽ ተምሩ። እጄ ተጣበቀ። እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ? ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ያቺ ሴትዮ በሕይወቷ የቀራት አንድ ደስታ ነው፣ እሱም ብስኩት ነው። ስኳሩ በዛ ብለሽ በበሶ ትለውጪባታለሽ። ለማን ብለሽ ነው የምትቆጥቢው?

አስካለ፦ ኦቾሎኒውን አቀብዪኝ።

ውድነሽ፦ ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ጋ ደውዬ ነበር።

አስካለ፦ ምን አጠፋች ብለሽ?

ውድነሽ፦ ማንም አጠፋ አላልኩም። በስልክ ስኳር፣ ስኳር ስትዪ እማዬን ስኳር ያዛት ብዬ ደነገጥኩ። ካርዷን አስወጥቶ አየልኝ። ስኳር የለባትም፣ ደሟም ደህና ነው፣ ክብደቷ ብቻ እንዳይወርድ የፈለገችውን ትብላ አለኝ። የፈለገችውን ነው ያለው። ሐኪሙ ያልከለከላትን አንቺ ምን አስከለከለሽ?

አስካለ፦ ልክ ነው። እሷ የለባትም።

ውድነሽ፦ ታዲያስ?

አስካለ፦ ሙቀጫውን ወደዚህ አስጠጊው።

ውድነሽ፦ እታለም። እሷ የለባትም ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?

አስካለ፦ የሰማሽው ነው።

ውድነሽ፦ አንቺ ነሽ?

አስካለ፦ ከኅዳር ጀምሮ። ድምፅሽን ቀንሺ፣ ትነሳለች።

ውድነሽ፦ አንቺ መቼ ጣፋጭ ትወጃለሽ? ሻይሽን ያለ ስኳር የምትጠጪ ሰው።

አስካለ፦ ብስኩት ነዋ።

ውድነሽ፦ የምን ብስኩት?

አስካለ፦ ይሄው፣ ያንቺው።

ውድነሽ፦ ለእማዬ የላክሁትን ነው የምትበይው?

አስካለ፦ ወድጄ መሰለሽ? እማዬ ብቻዋን አትበላም ውዴ። ድሮም አትበላም ነበር፣ እኛ ሳንጠግብ እጇን ወደ ትሪው የማትሰድ ሴት ናት። ሁሉን ስትረሳ ያንን አልረሳችም። እንጀራ ከተወች ስድስት ወሯ ነው፣ ሾርባ አትቀበለኝም፣ ገንፎ አትቀበለኝም፣ አፏ የሚገባው ብስኩት ብቻ ነው። ታዲያ ብስኩቱን ለሁለት ትከፍተዋለች። ደረቁን ለራሷ ታስቀራለች፣ ክሬም ያለበትን ግማሽ ወደ አፌ ታመጣዋለች። እኔ ሳልውጥ እሷ አትነክስም።

ውድነሽ፦ ዞር ብለሽ ብትተፊውስ?

አስካለ፦ አፍሽን ክፈቺ ትለኛለች። ምላስሽን አንሺ ትለኛለች። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ምላሴን አነሣለሁ።

ውድነሽ፦ በቀን አንድ ሁለቴ ከሆነ ግን ያን ያህል...

አስካለ፦ ማን ሁለቴ አለሽ? ያጎረሰችኝን በሩብ ሰዓት ውስጥ ትረሳዋለች። አንዳች ነገር አልቀመስሽም ትለኝና እንደገና ትከፍታለች። በልቻለሁ ስላት ታኮርፋለች፣ ካኮረፈች ደግሞ እስከ ማግስቱ ውሃ እንኳ አትቀምስም። እሷ ፓኬቱን ደረቅ ደረቁን በልታ ስትጨርስ፣ የፓኬቱን ክሬም በሙሉ እኔ ጨርሼዋለሁ። ይሄን ስንት ወር እንዳደረግሁት አስቢው።

ውድነሽ፦ እንዴት ታወቀሽ?

አስካለ፦ መርፌ ክር ማስገባት አቃተኝ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ኋላ ወፍጮ ቤት ቆሜ ተራ ስጠብቅ ወደቅሁ። ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ እማማ ምን ምን ይበላሉ አለችኝ። ብስኩት አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ሌላስ አለችኝ። ብስኩት ነው የኔ እመቤት፣ የክሬም፣ አልኳት። ሳቋን አፍና ጻፈችው። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ውድነሽ፦ ለምን ለእሷ እንኳ በደንብ አልነገርሻትም?

አስካለ፦ ምን ብዬ? እናቴ እያጎረሰች አሳመመችኝ ልበል?

ውድነሽ፦ ለእኔስ? ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?

አስካለ፦ መቼ?

ውድነሽ፦ በየሳምንቱ እደውል የለም ወይ?

አስካለ፦ ትደውያለሽ። ታክሲ ውስጥ ነሽ፣ ወይ ስብሰባ ልትገቢ ነው። እማዬ ደህና ናት ትይኛለሽ፣ ደህና ናት እላለሁ። ብስኩቱ ደረሰ ትይኛለሽ፣ ደረሰ እላለሁ። ከዚያ ቻው ነው። እኔ የምገባበት ቦታ አልነበረውም ወሬው።

ውድነሽ፦ ይሄ እንዴት ያማል።

አስካለ፦ እንድታለቅሺ ብዬ አይደለም። ተይ፣ በሶው ላይ ነው የምታንጠባጥቢው።

ውድነሽ፦ እኔ እኮ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር መጀመሪያ የምገዛው ይሄን ነው። ለእማዬ እያልኩ።

አስካለ፦ አውቃለሁ። ለዚያ ነው ስታመጪ ዝም ያልኩት። አሁን ግን ዝም ማለቱም አቃተኝ። የዓይን ሐኪሙ ዓይኔ ከጀርባው ደም እየቋጠረ ነው አለ። የካቲት ውስጥ ሕክምናው ይጀመር፣ ሁለት ወር አጎንብሰሽ ዕቃ እንዳታነሺ፣ ሰው እንዳትደግፊ አለኝ። እማዬን ደግሞ በቀን ስድስቴ ካልጋ አነሣታለሁ። ለዚያ ነው የካቲት፣ የካቲት የምልሽ።

ውድነሽ፦ ይሄን ነግረሽኝ ቢሆን መስከረምም አልቀር ነበር።

አስካለ፦ መስከረም ዓይኔ ደህና ነበር። መስከረም የለመንኩሽ ስለደከመኝ ብቻ ነው። ድካም ብቻውን ምክንያት አይሆንም መሰለኝ ለእናንተ።

ውድነሽ፦ ለእናንተ ትይኛለሽ? አንድ ነኝ እኮ ያለሁሽ።

አስካለ፦ ለዚያ ነዋ አንቺኑ የምጨቀጭቅሽ። በይ ይሄን ዳምጪልኝ፣ ጠርሙሱን ተጠቀሚ፣ ቀጭን አድርጊው። ቀጭን ካልሆነ ድምፅ አይሰጥም።

ውድነሽ፦ ሠራተኛ ብንቀጥርስ?

አስካለ፦ ሦስት ቀጠርኩ። የመጀመሪያዋ በወሯ ወፈረች፣ ሳቀችና ሄደች። ሁለተኛዋ አፍሽን ክፈቺ ስትባል ተናደደች። ሦስተኛዋ እማዬን በልታለች እያለች ብስኩቱን ለራሷ ስትጨርስ አገኘኋት። እማዬ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀሚሷ ሰፍቷት ነበር።

ውድነሽ፦ የኔ ቤት አምስተኛ ፎቅ ነው እታለም። ሊፍቱ ከገባሁበት ጀምሮ ቆሟል። በምን አወጣታለሁ?

አስካለ፦ እሱን አላውቅም።

ውድነሽ፦ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው።

አስካለ፦ እሱንም አላውቅም።

ውድነሽ፦ አትቆጪኝም?

አስካለ፦ በምን አቅሜ? ለቁጣም እኮ ጉልበት ያስፈልጋል። ካልሆነልሽ አልሆነልሽም። ይሄን ብስኩት ይዤ እቀጥላለሁ፣ ዓይኔም የሚሆነውን ይሆናል።

ውድነሽ፦ ደረጃው አይደለም።

አስካለ፦ ምኑ?

ውድነሽ፦ ደረጃው አይደለም ምክንያቴ። ምዝገባውም አይደለም። ገና ዕለት አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ስይዛት ምን እንዳለችሽ ታስታውሻለሽ? ይቺ ልጅ የማን ናት አለችሽ። የሚወስዳት የላትም ወይ፣ እየመሸ ነው አለችሽ። እኔ ሳቅሁ፣ አንቺም ሳቅሽ። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ሳለቅስ ነው የሄድኩት። አንቺን ታውቅሻለች። ካንቺ ነጥዬ ወስጃት እኔ ቤት ስትነሳ የማታውቀው ሰው ቤት ነው የምትነሳው። ያላወቀችኝን እናቴን ሁለት ወር ሙሉ ሳይ መኖሩን ፈርቼ ነው። ይሄው ተናገርኩት።

አስካለ፦ እኔን ታውቀኛለች ያለሽ ማነው?

ውድነሽ፦ በየቀኑ ታጎርስሽ የለም ወይ። ሳትውጪ አትበላም አልሽ እኮ አሁን።

አስካለ፦ ስሜን ከጠራችው ሁለት ዓመት አልፏል።

ውድነሽ፦ ምን?

አስካለ፦ ልጄ ናት ብላ የምታጎርሰኝ መስሎሽ ነው? እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ደብሪቱን ስታማክራት ሰማኋት። ይቺ ሴትዮ ከጠዋት ጀምራ ሽር ጉድ ትላለች፣ የማን ቤት ሠራተኛ እንደሆነች አላውቅም፣ እህል የሚሰጣት የለም፣ እያየሁ እንዴት ብቻዬን ልብላ፣ አለቻት። ለዚያ ነው የምታጎርሰኝ። ስለራበኝ።

ውድነሽ፦ እማዬ እንደዚያ አለች?

አስካለ፦ አንዳንዴም ታጫውተኛለች። እናት አለሽ ወይ ትለኛለች። አለችኝ እላታለሁ። የት ናት ትለኛለች። እዚሁ ናት፣ ታማብኝ ነው እላታለሁ። ታዲያ እሷን ትተሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ፣ ሂጂና አስታሚያት ትለኛለች።

ውድነሽ፦ ምን ትያታለሽ ታዲያ?

አስካለ፦ እሺ እላታለሁ። ሌላ ምን እላለሁ? አንዳንድ ቀን እዚሁ ጓዳ ገብቼ ትንሽ አለቅስና ተመልሼ እገባለሁ። ስገባ እንኳን መጣሽ፣ ምሳ በልተሻል ትለኛለች። ደክሞኛል ውዴ። እናቴን አልጠላኋትም፣ ደክሞኛል ብቻ። ጠዋት ጠዋት ስነሳ ደክሞኝ ነው የምነሳው።

ውድነሽ፦ ይሄን ሁሉ ብቻሽን ይዘሽ።

አስካለ፦ ስለዚህ አታውቀኝም ብለሽ አትፍሪ። እኔንም አታውቀኝም። አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው ነው የምታጎርሰው። እትዬ ደብሪቱንም ታጎርሳታለች፣ ቄሱንም ሊያጠምቋት መጥተው አጉርሳቸዋለች። አንቺንም ማንነትሽን ሳትጠይቅ ነው የምታጎርስሽ። እኔ እንግዲህ እሱን ይዤ ነው ሁለት ዓመት የኖርኩት።

ውድነሽ፦ ይሄ በቃው? ቀጥኗል?

አስካለ፦ ትንሽ ዳሩን። አዎ፣ እንደዚያ። አሁን በብርጭቆው ቁረጪ።

ውድነሽ፦ ከታችኛው ፎቅ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፣ ጉልበተኞች ናቸው። ሶፋዬን እንኳ እነሱ ናቸው ያወጡልኝ። ወንበር ላይ አስቀምጠው ያወጧታል።

አስካለ፦ እማዬ ሶፋ አይደለችም። መሬት ለቀቅኩ ብላ ትጮሃለች።

ውድነሽ፦ ትጩህ። አንድ ቀን ነው የምትጮኸው። ዓመት ፈቃዴንም ነክቼው አላውቅም፣ አንዱን ወር በሱ እይዛለሁ። ለሁለተኛው ወር ከሰዓት ከሰዓት ቤት ሆኜ ልሥራ እላቸዋለሁ። እምቢ ካሉኝ እምቢ ይበሉኝ።

አስካለ፦ ከምዝገባው መቅረት አልችልም ብለሽ ነበር አሁን።

ውድነሽ፦ ሌላ ሰው ይመዝግብ።

አስካለ፦ በስሜት አትናገሪ። ነገ አሳፍሬሽ ስመለስ፣ ማክሰኞ ደውለሽ ካርቶን ልኬያለሁ እንዳትዪኝ። ያንን መስማት የሚችል ሆድ የለኝም አሁን።

ውድነሽ፦ አልልሽም።

አስካለ፦ መስከረምም አልልሽም ብለሽኝ ነበር።

ውድነሽ፦ መስከረም እኔን የምትጠብቀኝ እማዬ ብቻ መስላኝ ነበር። አንቺ የምትታመሚ አይመስለኝም ነበር እታለም። እናት ሆነሽ ነው ያሳደግሽኝ፣ እናት ደግሞ እንደማንኛውም ሰው እንደምትደክም ያወቅሁት በእማዬ ነው። እንዲህ የሚደክሙ ሁለት እናቶች እንዳሉኝ ነው ያላወቅሁት።

አስካለ፦ ተይ እሺ። ቁረጪ። ሁለቱን ስታጋጥሚ አይቡን ሳሳ አድርገሽ ቀቢ፣ ጠርዙ ላይ እንዳይፈስ።

ውድነሽ፦ ቆይ፣ እጄን ልጥረግና ስልኬ ላይ ልጻፈው። በሶው ስንት ማንኪያ ነው ያልሽው?

አስካለ፦ እኔ በዓይኔ ነው የምገምተው። ለስንት ሰው ልንገርሽ?

ውድነሽ፦ ለእማዬና ለእኔ። ሁለት ወር በሙሉ።